ጭራው የዞረ ዓሣ

እናንተም ፉልማቲን ፈልጋችሁ ነው አይደል? ግድ የለም፣ ቁጭ በሉ። ኩሬ ወርዳለች፣ ትመጣለች። እዚህ ግቢ እኔን ፈልጎ የመጣ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም። ከደልሂም ይምጣ ከፓትና፣ ሥዕል ልማር ብሎ ደብተር ያንጠለጠለ ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። «ያኔ ጀማሪ ሳለሽ ምነው በነገሩኝ የምትዪው ምክር ምንድን ነው?» ይሏታል። እሷ በሳሪዋ ጫፍ አፏን ሸፈን አድርጋ ትስቅና «ማየት ነው እንጂ፣ ምን ምክር አለው» ትላለች። ይቺኑ እንደ ትልቅ ነገር ቁጭ ብለው ይጽፏታል! እኔ ወጥ ቤት ሆኜ እሰማለሁ፤ በሰማሁ ቁጥር እርር ድብን እላለሁ።

አዎ፣ እቀናለሁ። ምን እደብቃለሁ? ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል።

ኡርሚላ እባላለሁ። የፉልማቲ ባል የባሌ ታናሽ ወንድም ነበር። ወደዚህ ቤት በሙሽርነት የገባሁት እሷን በስድስት ዓመት ቀድሜ ነው። ያን ጊዜ አማታችን በሕይወት ነበሩ። በዚህ አካባቢ ልጅ ሲዳር የሙሽሮቹን ክፍል ግድግዳ ማን ይሳለው ከተባለ መጀመሪያ የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። እጃቸው ወርቅ፣ ምላሳቸው እሾህ። እኔን ሲያስተምሩኝ በዚያችው በሚስሉባት ቀርከሃ ጣቴን ይመቱኝ ነበር። «መስመርሽ ሰከረ! ምን ጠጥተሽ ነው?» ይሉኛል። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን «ጎበዝ» አላሉኝም። እኔም መመታቱ ሲመረኝ በእርሳስ እየነደፍኩ፣ በክር እየለካሁ፣ ማንም የማይቆጣው መስመር መሥራት ለመድኩ።

ፉልማቲ ስትመጣ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ከወንዝ ማዶ የመጣች ቀጭን ልጅ፣ መሳል ቀርቶ ቀርከሃውን በየት በኩል እንደሚይዙት አታውቅም። እሰይ፣ አሁን ዱላው ወደሷ ይዞራል ብዬ ደስ አለኝ። ምን ዋጋ አለው! በመጣች በሳምንቷ አማታችን ማንጎው ዛፍ ሥር ወሰዷትና በጆሮዋ የሆነ ነገር አንሾካሾኩላት። በዓይኔ በብረቱ አየሁ። እሳቸው ይናገራሉ፣ እሷ ራሷን ትነቀንቃለች። እኔ ስደርስ ሁለቱም ጸጥ አሉ።

ነገሩ የጀመረው ያን ቀን ነው። ለእኔ ዱላ፣ ለእሷ ምስጢር! ከዚያ ወዲያ ፉልማቲ እኔ ልስል በተቀመጥኩ ቁጥር መጥታ ከጀርባዬ ኩርምት ትላለች። አትናገር፣ አትጠይቅ። «ምን ታፈጪብኛለሽ? ሥራ የለሽም?» ስላት «ምንም እትዬ» ትላለች። ሰላይ አስቀመጡብኝ ብዬ ደመደምኩ።

የደረሰባትን መከራ አልክድም። በሰባተኛው ዓመት፣ በጎርፉ ጊዜ፣ ባሏ የነበረበት ጀልባ ተገለበጠ። ልጅ አልነበራቸውም። አምባሯን ሰበረች፣ የባለትዳር ምልክት የሆነውን ቀይ ዱቄት ከፀጉሯ መሃል ጠረገች፣ ባል እንደሞተባት ሴት ወግ ነጭ ለበሰች። ያኔ አብሬያት አለቀስኩ፣ የምሬን ነው። ልጄ ቪባ ገና ጡት አልጣለችም ነበር፤ ፉልማቲ እሷን አዝላ ኀዘኗን ረሳችባት። በዓመቱ አማታችንም ሞቱ። ምስጢራቸውን ይዘው ሄዱ እንዳልል፣ ምስጢሩ እዚሁ እቤቴ ነጭ ለብሶ ሩዝ ይለቅማል።

ከዚያ አንዲት የደልሂ ነጋዴ መጣች፤ የሰፈሩ ሴቶች ወረቀት ላይ የሣልነውን ልትገዛ። እኔ አሥር ወረቀት አቀረብኩ። ንጹሕ፣ የተለካ፣ አንድ መስመር ያልተዛነፈ። አገላበጠችና «ጥሩ ነው» ብላ ወደ ጎን አደረገችው። የፉልማቲን ስታነሳ ግን ጮኸች። አንድ ዓሣ ነው ያስጮኻት። ጭራው እንደ ሌላ ሰው ዓሣ ወደ ኋላ አይሄድም፤ ዞሮ ጀርባው ላይ ይወጣና ጫፉ ለሁለት ይሰነጠቃል። አሁን ዘሎ ወረቀቱን ጥሎት የሚሄድ ነው የሚመስለው። «ይሄን ማን አስተማረሽ?» ስትላት ፉልማቲ ወደ እኔ አየት አድርጋ አንገቷን ደፋች። ወይ ንቀት አልኩ በሆዴ! ፊቴን አዞርኩባት። አማታችን ማንጎው ሥር የነገሯት ይሄን ነው ብዬ ቁርጥ አደረግሁ። ዛሬ ያ ዓሣ ያልሄደበት አገር የለም። እኔ የምተኛበት ክፍል ጣሪያ እንኳ በእሱ ገንዘብ ነው የተሠራው፤ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ ደሜ ይፈላል።

ባለፈው ዓመት ቪባን ዳርኩ። ሠርጉ አምስት ቀን ሲቀረው ግቢ ውስጥ ተቀምጠናል፤ ፉልማቲ ጥግ ላይ ሩዝ ትለቅማለች።

«እማዬ፣ ክፍሌን አክስቴ ትሳልልኝ» አለች ቪባ።

«ማን?»

«አክስቴ ፉልማቲ ናታ! ያ ዓሣ ግድግዳዬ ላይ እንዲኖር ከልጅነቴ ጀምሮ ነው የምመኘው።»

«ለምን? እኔ እጄ ተቆርጧል?»

«እማዬ ደግሞ! ያንቺም ጥሩ ነው፤ ግን…»

«ግን ምን? ጨርሺው እንጂ!»

«ያንቺ ዓሣ አይዋኝም» አለች።

የወለድኳት ልጅ! ዓይኔ ደም ለበሰ። «ባል የሞተባት ሴት እጅ የሙሽራ ግድግዳ አይነካም!» ብዬ ጮኽኩ። «ባልሽ እንደሷ ባል እንዲሆንልሽ ነው የምትፈልጊው?»

ልማዱ ልማድ ነው፣ ከእኔ በፊትም ነበር። ያናገረኝ ግን ልማዱ አልነበረም። ይሄን እኔም አውቃለሁ፣ ፉልማቲም ታውቃለች። ተነስታ ሳሪዋ ላይ የቀረውን ሩዝ አራገፈችና «እትዬ እውነቷን ነው ቪባዬ፣ ለአንቺም አይበጅም» ብላ ወጣች። ቪባ ሦስት ቀን አኮረፈችኝ። እኔ ግን አሸንፌያለሁ።

የመሳያው ቀን ደረሰ። ባለትዳሮቹ ሴቶች ሁሉ ክፍሉን ሞሉት፤ የሙሽራውን ወገን እየሰደቡ ይዘፍናሉ፣ ይስቃሉ። የባሌ አክስት ጃሶዳ የመጀመሪያዋን ቀይ ነጥብ ግድግዳው መሃል አስቀመጡ። ከዚያ በኋላ ያለው የእኔ ነው። የሎተሱን አበባ ሣልኩ፣ የቀርከሃውን ተክል ሣልኩ፣ ደህና ሄደ። ዓሦቹ ላይ ስደርስ እጄ ተያዘ። የሙሽራ ግድግዳ ላይ እርሳስ አይነካም፣ ክር አይዘረጋም፤ እጅ እንደወጣለት ነው። እኔ ደግሞ ያለ እርሳስ ከሣልኩ ስንት ዘመኔ! ቪባ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። እንደምንም አንዱን ጨረስኩት።

«ኡርሚላ፣ ይሄ ዓሣ ነው ነጠላ ጫማ?» አለች አንዷ ጎረቤት።

«ለሙሽራው ይሆነዋል፣ በባዶ እግሩ ነው አሉ የሚመጣው!» አለች ሌላዋ። ክፍሉ በሣቅ ፈረሰ። ቪባ አልሳቀችም፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። እጄን ልታጠብ ብዬ ወጣሁ።

ፉልማቲ ኩሬው ደረጃ ላይ ተቀምጣ ልብስ ታጥባለች።

«ጨረሳችሁ እንዴ እትዬ?»

«አማትሽ በጆሮሽ ምን አሉሽ?» አልኳት።

«መቼ?»

«አትሞኚብኝ! ማንጎው ሥር፣ በመጣሽ በሳምንትሽ። ሃያ ስምንት ዓመት ታግሼሻለሁ። እኔን ነፍገው ለአንቺ የሰጡት ምክር ምንድን ነው?»

ልብሱን ጨምቃ ደረጃው ላይ አስቀመጠችው። «ለኡርሚላ እንዳትነግሪ ብለው አስምለውኝ ነበር።»

«አሁን ተነስተው አይመቱሽም፣ ተናገሪ!»

«‹እሷን በዱላ አስፈራኋት፣ አጠፋሁ› አሉኝ። ‹አንቺን እንደሷ አላደርግሽም። ከኡርሚላ ጀርባ ቁጭ በይ፣ አፍሽን ዝጊ፣ እጇን እዪ። በዚህ ቤት እጅ ያላት እሷ ናት።› ይኸው ነው እትዬ፣ ሌላ የለውም።»

«ውሸታም!» አልኳት። «ያ ዓሣስ? እሱንስ ማን ሰጠሽ?»

«ያንቺ ነዋ!» አለች ገርሟት። «ጎተራው ላይ የሣልሽው። ቀርከሃሽ ተሰነጠቀና ጭራው ዞረብሽ። እማማ ሰከረ ብለው ሲስቁብሽ ወዲያው በጭቃ ለቀለቅሽበት። ሳትለቀልቂበት አይቼው ነበር። ነጋዴዋ ማን አስተማረሽ ስትለኝ ወደ አንቺ አየሁ፣ ፊትሽን አዞርሽብኝ። ከዚያ በኋላስ መቼ ታናግሪኛለሽ?»

ትዝ አለኝ። ጭቃው እጄ ላይ እስኪደርቅ ማልቀሴ፣ ሁሉም ትዝ አለኝ። ሃያ ዓመት በገዛ ዓሣዬ ስቀና ኖርኩ! ሌላው ቢቀር፣ ያን ቀን «ጭቃውን አስቀምጪው፣ አንድ ቀን ይደር» የሚለኝ አንድ ሰው አጣሁ።

አምባር የሌለውን እጇን ያዝኩና እየጎተትኩ ወሰድኳት። በሩ ላይ ስንደርስ ዘፈኑ ቆመ።

«ኡርሚላ! አበድሽ? ነጭ የለበሰች ሙሽራ ክፍል ታስገቢያለሽ?» አሉ ጃሶዳ።

«አክስቴ፣ ሙሽራዋን አዝላ ያሳደገቻት ይቺው ነጭ ለባሽ ናት፤ ያኔ ምነው አልጮኹ? ካልተመቸዎት በሩ ሰፊ ነው።»

ጃሶዳ ጥርሳቸውን ነክሰው ቀሩ፤ አልወጡም። ፉልማቲ ግን ደጁ ላይ ድርቅ አለች። «እትዬ ተይኝ፣ ግድግዳውን አልነካም።»

«ማን ንኪ አለሽ? እንደ ድሮሽ ከጀርባዬ ቁጭ በይ።»

ነጠላ ጫማውን በእርጥብ ጭቃ ለቀለቅኩት። የቀርከሃዬን ጫፍ በጥርሴ ሰነጠቅኩ። ከዚያ ሳልለካ፣ ሳላስብ፣ ትንፋሼን ይዤ ሳብኩት፤ ጭራው ዞረ። ቪባ «እማዬ!» ስትል ሰማሁ። በሙሽራ ግድግዳ ላይ ዓሣ ብቻውን አይሳልም፣ ጥንድ ነው። ለሁለተኛው ቀርከሃውን ቀለም ነከርኩና፣ ዞር ሳልል፣ በትከሻዬ ላይ ወደ ኋላ ዘረጋሁት። ክንዴ እስኪዝል ጠበቅኩ። ሲወሰድ ተሰማኝ።

ሁለቱም ያው እዚያ ግድግዳው ላይ ናቸው፣ ገብታችሁ እዩዋቸው። የማን የቱ እንደሆነ ቪባም አትለይም፣ ባሏም አይለይም። አማቷ ሳይቀሩ ጠይቀውኝ አልነገርኳቸውም። እኔ ግን እለያለሁ። የእሷ ይበልጣል። ምን ላድርግ፣ አሁንም እቀናለሁ።

ያቻት፣ መጣች። ምክራችሁን ጠይቋት፤ «ማየት ነው» ትላችኋለች። እስቲ ዛሬ ደብተራችሁን ከመክፈታችሁ በፊት «ማንን?» ብላችሁ ጠይቁልኝ። እኔ ወጥ ቤት ነኝ፣ እሰማለሁ።