ማሽን የወለዳቸው ሰዓቶች

ፈረንጅ አገር፣ ካምደን ገበያ ውስጥ አንድ ሻጭ የድሮ የአሜሪካ የኪስ ሰዓት ከፍቶ አሳየኝ። የዘይቱ ሽታ አንጠልጥሎ፣ ያለ ቪዛና ያለ ቲኬት፣ ድሬዳዋ እናቴ ሱቅ ጣለኝ።

አባቴ ከሞተ ሦስት ወሩ ነበር። እናቴ የሰዓት ጥገና ሱቁን መልሳ ስትከፍተው ሰፈሩ በሙሉ «ሴት ደግሞ ስለ ሰዓት ምን ታውቃለች» እያለ የሚዘጋበትን ቀን ይጠብቅ ነበር። የመጀመሪያው ደንበኛ ጡረተኛው የባቡር ነጂ ጋሽ ተሰማ ነበሩ። ከአሜሪካ ሠራሽ የኪስ ሰዓታቸው ውስጥ አንዲት ጥርሳም መንኮራኩር ተሰብራለች። እናቴ ከመሳቢያ ሌላ የሞተ የአሜሪካ ሰዓት አውጥታ ተመሳሳይዋን መንኮራኩር ነቀለች።

«የሌላ ሰዓት ዕቃ እንዴት ይገጥማል? ባልሽ ቢኖር እኮ ሞርዶ ሞርዶ ነበር የሚገጥመው» አሉ ጋሽ ተሰማ።

«እነዚህን የወለዳቸው ማሽን ነው፣ ጋሼ። ማሽን ልጅ አያበላልጥም፤ ሁሉንም በአንድ ልክ ነው የሚያወጣቸው።»

ነገሩ አልገባኝም። ትልቁ ሥጋ ሁልጊዜ ለወንድሜ ስለሚደርስ ግን ምነው እኔንም ማሽን በወለደኝ ብዬ ተመኘሁ።

መንኮራኩሯ ሞረድ ሳይነካት ልክክ አለች። ሰዓቱ መምታት ሲጀምር ድምፁ ጅቡቲ ድረስ ተሰምቷል። ጋሽ ተሰማ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ብዙ ቆዩ። ከዚያ ደጅ ላይ ቆሞ ለሚያሽሟጥጠው ጎረቤት፣ «ያንተንም አምጣላት፤ ሰዓት ሠሪ ናት» አሉት።

«ስለ ሰዓት ታውቂያለሽ?» አለኝ የካምደኑ ሻጭ።

«እናቴ ሰዓት ሠሪ ነበረች» አልኩት አንገቴን ቀና አድርጌ። የከተማውን ትልቅ ሰዓት ቢግ ቤንንም ከድሬዳዋ ሆና የምታስተካክለው እሷ ነበረች ብዬ ጨመርኩበት። ውሸቱ እሱ ብቻ ነው።