የሐዳሳ በርሜሎች ባሕር የሆኑ ቀን

ሐዳሳ በአንዲት የሐይቅ ዳር ከተማ መሃል በርሜል፣ ሳፋና ጀሪካን ትሸጣለች። በወጣትነቷ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን መካከል ድምጿ የታወቀ ነበር። እንቅርቷን በቀዶ ጥገና ካስወጣች በኋላ ግን ድምጿ ጎረነነና መዝሙሩን ተወችው። ጆሮዋ ግን አልተዋትም። ደንበኛ በርሜል ሲመርጥ በጣቷ መታ መታ እያደረገች፣ "ይኼ የወንድ ድምፅ ነው፤ ያኛው የሴት" እያለች ታስቀዋለች።

ባለፈው ክረምት ማቴዎስ የሚባል ወጣት የቴአትር አዘጋጅ ሱቋ መጣ።

"እትዬ ሐዳሳ፣ ትልቅ በርሜል ፈልጌ ነበር።"

"ለውሃ ነው ለእህል?"

"ለባሕር" አላት እየሳቀ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአንዲት ሰርጓጅ መርከብ ውስጥ ስለተዋጉ መርከበኞች ቴአትር እያዘጋጁ ነው፤ የባሕሩን ድምፅ የሚያወጣላቸው ሰው ግን አጥተዋል። ሐዳሳ በርጩማ ሰጠችውና ትጠይቀው ጀመር። ሰዎቹ የት ይተኛሉ? ተረኛው በተነሣበት፣ ገና ባልቀዘቀዘ አልጋ ላይ። ምን ይበላሉ? ሻጋታው እየተፋቀ የሚበላ ዳቦ። ጠላት በላያቸው ሲያልፍስ?

"ያኔ ሞተሩ ይጠፋል፤ ማንኪያ እንኳ አይወድቅም። ውሃ ድምፅ ይዞ ስለሚሄድ አንድ ሰው ቢያስነጥስ ሁሉንም ያስጨርሳል።"

"እንግዲያው ሰው አግኝታችኋል" አለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱቁን ለእህቷ ለፅጌ እየተወች ልምምድ ትሄድ ጀመር።

ቴአትሩ በአንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ባህል አዳራሽ አካባቢ በተከራዩት ክፍል ታየ። መስኮቶቹ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍነዋል። ሐዳሳ ከመጋረጃው ጀርባ ግማሽ ድረስ ውሃ የሞላ በርሜል፣ ሰንሰለትና ሳፋ ይዛ ቆማለች። ሰንሰለቱን በበርሜሉ ሆድ ላይ በቀስታ ስትጎትተው የጠላት መርከብ መጣች። በዚህ መሃል መብራት ድርግም አለ።

"አለቀልን" አለ ማቴዎስ አጠገቧ ሆኖ። ከተመልካቹም ማፏጨት የጀመረ ነበር።

ሐዳሳ ግን የእነዚያን መርከበኞች ጨለማ አሰበችና በጨርቅ የተጠቀለለ ዱላ አንሥታ በርሜሉን መታችው፤ ድምፁ ባሕር ውስጥ እንደፈነዳ ቦምብ ነበር። ወለሉ ተንቀጠቀጠ፤ ፉጨቱ ቆመ። ካፒቴኑን የሚጫወተው ሔኖክ ወዲያው ገባው።

"ማንም እንዳይንቀሳቀስ" አለ በጨለማው ውስጥ፣ በሹክሹክታ።

ሐዳሳ ከእርጥብ ጨርቅ ሳፋው ውስጥ ውሃ ታንጠባጥብ ጀመር። ጠብ፤ ጠብ። ፊት ወንበር ላይ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ሊያስሉ ሲሉ ባለቤታቸው ክንዳቸውን ያዝ አድርገው፣ "ዝም ይበሉ፣ ይሰሙናል" አሏቸው። ሐዳሳ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። ደግማ መታች፤ ሳፋውንም ስትገለብጠው ከወገቧ በታች በሰበሰች። በመጨረሻ ሰንሰለቱን እየጎተተች፣ እያራቀች፣ እያራቀች ሄደች።

"ሄዱ" አለ ሔኖክ።

ተመልካቹ በአንድ ላይ ተነፈሰ፤ ከዚያም ጭብጨባው ቀለጠ። ሰዉ የስልኩን መብራት እያበራ ሲነሣ ማቴዎስ ሐዳሳን እጇን ይዞ፣ ውሃው እየተንጠባጠበባት፣ መድረክ ላይ አወጣት። ፅጌ ከኋላ እልልታዋን አቀለጠችው።

"እኔ እንኳ ባሕር አይቼ አላውቅም" አለች ሐዳሳ በጎርናናው ድምጿ። "ያሰማኋችሁ ሐይቃችንን ነው፤ ትንሽ አስቆጥቼው።"

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ በጉባኤ ፊት ድምጿን ስታሰማ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ምንም አላፈረችም።

በቀጣዮቹ እሁዶች፣ ጨዋታው እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ መብራቱን የሚያጠፋው ራሱ ማቴዎስ ሆነ።