የተረከዝ ማርሽ

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስመለስ የተሳፈርኩበት ታክሲ ቀይ መብራት ላይ ቆሞ ሳለ፣ አንድ ትልቅ ሞተር ከጎናችን መጥቶ ቆመና ነጂው መብራቱ ሊለቅ ሲል አንደኛ ማርሽ አስገባ። ያ «ቋ!» የሚል፣ ከባድ የብረት በር ሲዘጋ የሚመስል ድምፅ በመስኮቱ ገብቶ ከጆሮዬ አልፎ ሆዴ ድረስ ወረደ፤ እኔም ከታክሲው ሳልወርድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ በዚሁ በሪያድ ባዲዓ ሰፈር፣ የቤታችን ግቢ በር ሥር ቆምኩ።

አባቴ ሰይድ የኮምቦልቻ ሰው ነው። እኔ ሳልወለድ ሪያድ መጥቶ፣ በከተማው ምሥራቅ ሱለይ በሚባለው የጋራዥና የመጋዘን ሰፈር፣ የአገሩ ሰዎች «ደባብ» የሚሏቸውን ትልልቅ የረጅም መንገድ ሞተሮች እየጠገነ ነበር ያሳደገኝ። ጋራዡም፣ የመኖሪያ ፈቃዳችንም፣ አባዬ ወደ ሥራ የሚመላለስበት አሮጌ ሞተርም በአንድ ሰው ስም ነበሩ፤ «ከፊል» በሚባለው አሠሪውና ዋሱ፣ በአቡ ራካን። አቡ ራካን ሆዱ ገፋ ያለ፣ ድምፁ ጎላ ያለ፣ ራሱም ሞተር የሚወድ ሰው ነበር።

የብርዱ ወራት የሞተር ወራት ነበሩ። ሙቀቱ ሲሰበር ደንበኞቹ ከያሉበት እየወጡ ጋራዡን ይሞሉት ነበር፤ አባዬም ጁምዓ ጁምዓ ከሶላት በኋላ ይዞኝ ሄዶ አንድ የዘይት በርሜል ላይ አስቀምጦኝ፣ ከጎንደሬው ባልደረባው ከጋሽ ተክሌ ጋር ክርክሩን ካቆመበት ይቀጥል ነበር። የክርክሩ ርዕስ ተለውጦ አያውቅም። ሞተር ላይ ማርሽ የሚቀየረው በግራ እግር ነው፤ አባዬ ደግሞ በጣት የሚቀይር ሰው ነበር፤ ማርሽ ሲቀንስ መርገጫውን በጫማው አፍንጫ ወደ ታች ይጫናል፣ ሲጨምር ከሥሩ ገብቶ ወደ ላይ ያነሳል። ጋሽ ተክሌ ግን ከእግሩ ኋላ ሁለተኛ መርገጫ አስገጥሞ፣ ማርሽ ሲጨምር በተረከዙ ረገጥ አድርጎ ያልፍ ነበር።

«ወንድሜ፣ ተረከዝ የተፈጠረው ለመቆሚያ ነው» ይል ነበር አባዬ። «ከኋላ ብረት ካስቀመጥክ እግርህን የት ታሳርፋለህ? ትንሽ ፈቀቅ ስትል ሳታስበው ማርሽ ትለውጣለህ።»

«አንተ ደግሞ ጫማ ስትጨርስ ልትኖር ነው!» ይመልስ ነበር ጋሽ ተክሌ። «የግራ ጫማህን አይተኸዋል? ሚስትህን ፋጡማን ጠይቃት እስቲ!»

እውነቱን ነበር። የአባዬ ጫማ ሁሉ ቀኙ ደህና ሆኖ ግራው ከላይ ይበላ ስለነበር፣ እማዬ ከአሮጌ ቦርሳዋ ቆዳ እየቆረጠች ትለጥፍበት ነበር። በእግር ሲሰለቻቸው ወደ ጥርስ ይሻገራሉ። ሰንሰለቱን የሚያዞረው የፊተኛው ክብ ብረት ጥርሱ ካነሰ ሞተሩ ሲነሳ እንደ ወይፈን ይስባል፣ ግን ቶሎ ቶሎ ማርሽ ቀይሩልኝ ይላል፤ ጥርሱ ከበዛ ሲነሳ ይከብደውና በረጅም መንገድ ላይ ረጋ ይላል። አባዬ ጉልበቱን ይመርጥ ነበር፤ ጋሽ ተክሌ ግን «እኔ አንዴ አምስተኛ ካስገባሁ እስከ ደማም ከተማ ድረስ እንቅልፍ ነው!» እያለ ያናድደው ነበር።

የአቧራው ወራት ሲመጣ ሰማዩ ቀይ ይሆንና እማዬ የበሩን ሥር በእርጥብ ጨርቅ ትወትፍ ነበር። አባዬም ሞተሩን ወደ ግቢ አስገብቶ አንሶላ ያለብሰዋል፤ እማዬም «እኛ ሳንለብሰው ለብረት!» ብላ ትቆጣለች፣ ግን አንሶላውን የምታጥበው እሷው ነበረች። እኔ ጆሮዬ የተሳለው በዚያ ወቅት ይመስለኛል። ውጪ መጫወት ስለማይቻል ቤት ተዘግቶብኝ እየዋልኩ፣ አባዬ ከዋናው መንገድ ወደ ሰፈራችን ሲታጠፍ የሞተሩን ድምፅ ተከትዬ «አራተኛ... ሦስተኛ... ሁለተኛ...» እያልኩ እቆጥርና፣ «አንደኛ» ስል በሩ ይንኳኳል።

አደጋው የደረሰው በሙቀቱ ወራት ነው። ጋራዡ ውስጥ አንድ ከባድ ሞተር ከማቆሚያው ተንሸራቶ በአባዬ ግራ እግር ላይ ወደቀና ሦስት ጣቶቹ ተሰበሩ። ጀሶው ከተፈታ በኋላ ሐኪሙ አይቶት «መርገጥ ትችላለህ፤ በጣቶችህ ማንሳት ግን ለብዙ ወራት አይታሰብም» አለው።

በዚያው ሳምንት አቡ ራካን አንድ ካርቶን ተምር ይዞ ሊጠይቀው መጣ። ሻዩን ጠጥቶ ከጨረሰ በኋላም ብርጭቆውን በጣቶቹ መሃል እያዞረ ቆየ።

«ያ ሰይድ» አለ በመጨረሻ በዐረብኛ ጠርቶት፣ «ሙቀቱ ሲሰበር ደንበኞቻችን ወደ አብሃ ተራሮች ጉዞ አላቸው። አብሯቸው የሚነዳ መካኒክ ቃል ገብቻለሁ። እስከዚያ ካልቻልክ ሌላ ሰው ማምጣቴ ነው። ምን ላድርግ?»

ሌላ ሰው መጣ ማለት የአባዬ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ አይታደስም፣ እኛም ወደ አገራችን እንገባለን ማለት ነበር። አባዬ «ኢንሻአላህ እችላለሁ» ብሎ እያነከሰ እስከ በር ሸኘው።

በማግስቱ ጋሽ ተክሌ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር በብብቱ ይዞ መጣ፣ ሐኪሙ ያለውንም ከእማዬ ሲሰማ በሳቅ ፈነዳ።

«ሐኪሙ ለእኔ ፈረደ! መርገጥ እንጂ ማንሳት አይቻልም ካለ፣ እንግዲህ ተረከዝ ነው፤ ኸላስ!» ብሎ ከፌስታሉ የተረከዝ መርገጫ አወጣ።

አባዬ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እማዬ ግን መርገጫውን ተቀብላ አገላብጣ አይታ፣ «ይሄንን ነው እንዴ ስትጨቃጨቁበት የኖራችሁት?» አለችና አባዬ ጭን ላይ አስቀመጠችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰዓት በኋላ፣ የአስር ሶላት ሲያበቃ፣ የግቢው በር ወለል ብሎ ይከፈታል፣ ሞተሩ የኋላ ጎማው መሬት እንዳይነካ በእንጨት ከፍ ተደርጎ ይነሳል፣ አባዬም እንደ ተማሪ ይለማመድ ጀመር። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆሜ፣ ድምፁን ብቻ እየሰማሁ የገባውን ማርሽ እጠራ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ቀናት መከራ ነበሩ፤ በልማድ በጣቱ ሊያነሳ ሲል አሞት ይጮኽ ነበር፤ ሌላ ጊዜ ተረከዙን ሊያሳርፍ ሲል ሳያስበው ማርሽ ይቀይርና «አላልኩም? አላልኩም?» እያለ በማሸነፉ ይደሰት ነበር። ፎቅ ላይ የምትኖረው የመናዊት ጎረቤታችን በመስኮት ብቅ ብላ «ያ ሰይድ፣ ልጁ ተኝቷል!» ስትል፣ እማዬ በእኔ እጅ አንድ ሳህን ሳምቡሳ ትልክላት ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ሴትዮዋ ልጁን አቅፋ ወርዳ አብራን በዐረብኛ «አርባዓ! ኸምሳ!»፣ አራት፣ አምስት እያለች ትቆጥር ጀመር።

አባዬ ግን የሰው እውቀት እንዳለ የሚቀበል ሰው አልነበረም። መርገጫውን አውልቆ፣ አሙቆ፣ አጥፎ፣ ተረከዙ ሲያርፍ እንዳይነካው ሁለት ጣት ያህል ከፍ አደረገው። ማርሽ የሚቀይርበት ጊዜ እንዲያንስለትም፣ ለማንም ሳይናገር፣ የፊተኛውን ብረት ጥርሱ በበዛው ለወጠው። ይህንን ያወቅሁት እኔ ነኝ፤ ድምፁ ከብዶ ሰማሁትና «አባዬ፣ የጋሽ ተክሌን ጥርስ ነው ያስገባኸው?» አልኩት። «ዝም በይ» አለኝ፣ ግን ይስቅ ነበር።

ሙቀቱ መሰበር ሲጀምር አቡ ራካን አባዬ መንዳት መቻሉን የሚያይበትን ጁምዓ ቆረጠ። ጋሽ ተክሌ እማዬንና እኔን በፒካፑ ሱለይ አደረሰን። አባዬ ሞተሩ ላይ ወጣ፣ አንደኛ አስገባ፣ በመጋዘኖቹ መሃል ባለው ቀጥ ያለ መንገድ ሄደ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ «ሁለተኛ» አልኩ። ከዚያ ሦስተኛው መምጣት ሲገባው ሞተሩ ባዶውን ጮኸ፤ ተረከዙ ስቶታል። እማዬ ትከሻዬን ጨመቀችው። ጋሽ ተክሌ «እርገጠው ወንድሜ፣ እርገጠው!» እያለ፣ እንደሚሰማው ሁሉ የራሱን ተረከዝ መሬት ላይ ይደበድብ ነበር። ድንገት ድምፁ ረገብ አለ። «ሦስተኛ!» ብዬ ጮኽኩ፤ አራተኛው ተከተለ፣ አምስተኛውም ከሩቅ ተሰማ።

አባዬ ዞሮ ሲመለስ አቡ ራካን ሞተሩ ሥር ጎንበስ ብሎ መርገጫውን አየ፣ በእጁ ነካ ነካ አደረገው። ከዚያ ዙሪያውን ተመልክቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ያ ሰይድ፣ ለእኔም እንዲህ ያለ ሥራልኝ። ቁርጭምጭሚቴ መታመም ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆነው፤ ለማንም አልተናገርኩም» አለ።

አባዬ ከጉዞው ሲመለስ ፊቱ በፀሐይ ጠቁሮ፣ የአብሃን ማር ይዞ መጣ። በዚያ የብርድ ወቅት ጉልበቱ የሚያመው፣ ጫማው የሚያሳዝነው ደንበኛ ሁሉ የተረከዝ መርገጫ ፈለገ፤ አባዬም እያንዳንዱን ሰው ሞተሩ ላይ አስቀምጦ፣ እግሩን ለክቶ፣ «ተረከዝ እኮ ከጣት የበለጠ ጉልበት አለው» እያለ ያስረዳ ነበር። ጋሽ ተክሌ ይህንን ሲሰማ መፍቻውን ጥሎ «ያ ረብ! ይህን ሰው ስማው!» ይል ነበር።

ዛሬ አባዬና እማዬ ኮምቦልቻ ናቸው። እኔ እዚሁ ሪያድ በነርስነት እሠራለሁ፤ ኢቃማዬን የሚያሳድስልኝ ሆስፒታሉ ነው። በቅርቡ ከእማዬ ጋር በስልክ ስናወራ፣ ያንን የሙቀት ወር አንስቼ እንዴት ደስ የሚል ጊዜ እንደነበር ስነግራት፣ «እኔ እኮ ያኔ አገር ልንገባ ነው ብዬ ሁለት ሻንጣ ሸክፌ አንቺ በምትተኚበት አልጋ ሥር አስቀምጬ ነበር። አባትሽ ሞተሩን ሲያስነሳ ስትስቂ አይቼ ነው ያልነገርኩሽ» አለችኝ። በዚያ አልጋ ላይ ማርሽ እየቆጠርኩ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። አሁን እኔ በምኖርበት ቤት አልጋ ሥር ምንም የለም፤ ሻንጣዬ ቁምሳጥን ላይ ባዶውን ተቀምጧል፤ የማወርደው ለእረፍት ስሄድ ብቻ ነው። ሰላም ያለው ኑሮ ነው፤ እንደዚያ ወር ግን ስቄ አላውቅም።