ፍሪሲዮን የሌላት ትራክተር

ባለፈው እሑድ ከጸሎት ቤት ተመልሰን ምሳ እንደ በላን ልጄ ናትናኤል ስልኩን አወጣና የትራክተር ፎቶ ያሳየኝ ጀመር። አንዷ ሰማያዊ ናት፣ አንዷ ብርቱካናማ፣ ሁሉም ትንንሾች ናቸው። መቂ ያለውን የአያቱን መሬት ካለፈው ዓመት ወዲህ የሚያለሙት እሱና ሚስቱ ሰናይት ናቸው። ስለ ጉልበታቸው፣ ስለሚያነሱት ክብደት፣ ስለሚጠጡት ናፍጣ አንብቦ አንብቦ ግራ ገብቶታል። «እማ፣ ይቺ ትሻላለች ወይስ ይቺኛዋ?» ይለኛል። እኔ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ፤ ስለ ሞተር የማውቀው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ግን ስለ ትራክተር ምርጫ አንድ ታሪክ አውቃለሁ። ስልኩን መለስኩለትና ሻዬን እየጠጣሁ ታሪኩን አወራሁለት።

አባቴን ጋሼ እያልን ነው ያደግነው። ስሙ ገመዳ ነው። ዕድሜውን የጨረሰው በከባድ መኪና ላይ ነበር፤ ከአሰብ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ አሰብ፣ ከነተሳቢው። ቤት ሲመጣ የናፍጣና የበረሃ አቧራ ሽታ ይዞ ይመጣል፤ ሁለት ቀን ይተኛል፤ ከዚያ ደግሞ ይሄዳል። እኔ ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ ምደባ በምጠብቅበት ዓመት ሚሌ አካባቢ መኪናው ተገለበጠ። ነፍሱ ተረፈች። ግራ እግሩ ግን እንደ እንጨት ደርቆ ቀረ። ለሌላው ሰው አንካሳ መሆን ማለት ነው፤ ሾፌር ግን ፍሪሲዮን የሚረግጠው በግራ እግሩ ነው። መንዳት ቀረ ማለት ነው።

መቂ ያለው ቤታችን ከዋናው መንገድ ብዙ አይርቅም ነበር። ጋሼ በረንዳው ላይ ይቀመጥና የሚያልፉትን መኪናዎች በድምፃቸው ይለያቸዋል። «ይሄ ሰውዬ ከመጠን በላይ ጭኗል» ይላል ለራሱ። «ይሄኛው ደግሞ ማርሹን እያሰቃየው ነው።» ወደ ደቡብ የሚጭኑ ጓደኞቹ ጥሩምባ እየነፉ ያልፋሉ፤ የሚቆም ግን አልነበረም። መጀመሪያ ሰሞን እጁን ያነሳላቸው ነበር። በኋላ እሱንም ተወው።

መሬቱን ያቆየችው እማዬ ናት። ሽንኩርትና ቲማቲም፣ ዳር ዳሩን ፓፓያ፤ እሱ መንገድ ላይ ሳለ በሬ እየተከራየች፣ ውኃ እየተሻማች ያለማችው እሷ ናት። ከአደጋው በኋላ ግን ደከማት። አንድ የአዳማ ነጋዴ መሬቱን በሙሉ ልከራያችሁ ብሎ ሲመላለስ ሰነበተ። አንድ ቀን ምሳ ላይ እማዬ እንዲህ አለች፦

«ወይ ለእግርህ በተሰጠህ ካሳ ትራክተር ገዝተን እንሥራ፤ ወይ መሬቱን ለሰውዬው ሰጥተን አዳማ እህቴ አጠገብ ቤት እንያዝ። እንዲህ ተቀምጠን ግን አንዘልቅም።»

ጋሼ አዳማ የሚባለውን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። ግቢ ውስጥ ተቀምጦ የሰው ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ሲያይ የሚውል ሽማግሌ ታየው መሰለኝ። «ትራክተር እንገዛለን» አለ ወዲያው። «ትልቁን ነው የምንገዛው። ሾፌር እንቀጥራለን፤ የኛን ሲጨርስ የጎረቤቱን ያርሳል።»

«አንተ የማትነዳውን ትራክተር አልገዛም» አለች እማዬ።

«በዚህ እግር?»

«በዚህ እግር። የቀጠርነው ሾፌር ላይ ቀኑን ሙሉ ከበረንዳ ስትጮህ መስማት አልችልም።»

እኔ ሳቄ መጣ። ጋሼ ግን አልሳቀም።

ጥቅምት ነበር፤ ዝናቡ ቆሞ፣ የጤፉ ማሳ መንገዱን ተከትሎ ቢጫ መሆን ጀምሮ። ሦስታችን በሚኒባስ አዳማ ሄድን። በአሰላ መውጫ በኩል አቶ ሰይፉ የሚባሉ ሰው የእርሻ መሣሪያ የሚሸጡበት ሰፊ ግቢ ነበራቸው። ጋሼ ገና ከበሩ ሲገባ ትልቁን ቀይ ትራክተር አየና ቀጥ ብሎ ወደሱ ሄደ። ኮፋኖውን ራሱ ከፈተ። ሞተሩን አስነሥተውለት ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። ከአደጋው ወዲህ ፊቱ እንደዚያ ሲበራ አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ልውጣበት አለ። ቀኝ እግሩን መርገጫው ላይ አደረገ፤ በእጆቹ ሳበ፤ ግራ እግሩ ግን አልተከተለውም። እንደገና ሞከረ። ልደግፈው ጠጋ ስል እንደ ተንጠለጠለ ዞሮ በቁጣ አየኝና ባለሁበት ቆምኩ። ወረደና እጁን በመሐረብ ጠረገ።

«ምን ችግር አለው፣ ሾፌሩ ይውጣበታ» አለ።

እማዬ እሱን ትታ ግቢውን ትዞር ጀመር። ከግራር ዛፍ ሥር አቧራ ለብሳ የቆመች አንዲት ትንሽ ትራክተር ነበረች፤ ከጃፓን የመጣች፣ ያገለገለች፣ ቁመቷ ከእማዬ ትከሻ ብዙም የማይበልጥ። እማዬ መቀመጫዋን በእጇ ዳበሰችው።

«ይቺ ምንድን ናት? የልጅ መጫወቻ?» አለ ጋሼ ከወዲያ ሆኖ።

አቶ ሰይፉ የጋሼን እግር አይተው ነበር፤ ጨዋ ሰው ስለሆኑ ግን ስለ እግሩ አላነሱም። «ጋሽ ገመዳ፣ ይቺ ስትነዳ ፍሪሲዮን አትፈልግም» አሉ። «ሥራዋ ሁሉ በቀኝ እግር ነው። ይህን ፔዳል ፊቱን ሲጫኑት ወደ ፊት፣ በተረከዝ ሲጫኑት ወደ ኋላ።»

ጋሼ ቀስ ብሎ መጣና አጎንብሶ ፔዳሉን አየው። «ማርሹስ?»

«ሁለት ነው፤ አንድ ለእርሻ፣ አንድ ለመንገድ። ቆማ ሳለች በእጅ ይቀየራል።»

«ጉልበቷስ?»

«እሱ ላይ አልዋሽዎትም። ትንሽ ማረሻ ትጎትታለች፣ ትንሽ ተሳቢ ትስባለች፣ የውኃ ፓምፕ ታዞራለች። ጠንካራ መሬት ላይ ግን ትቸገራለች።»

ሁለቱንም እንሞክር ተባለና ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ ማሳ ይዘውን ሄዱ። የአቶ ሰይፉ ሠራተኛ ነበር የሚነዳው። ትልቁ መሬቱን እየገለበጠ እስከ ዳር ሄዶ ተመለሰ። ትንሿ ገና ጥቂት እንደ ሄደች ጎማዋ ባለበት ይሽከረከር ጀመር፤ አፍንጫዋም ቀና ቀና አለ።

«አየሽ ወርቄ?» አላት ጋሼ እማዬን። ደስ ያለው ይመስላል፤ ያዘነም ይመስላል።

እማዬ ቁጭ ብላ አንድ ጓል አነሳችና በሁለት እጇ ልትሰብረው ሞከረች። አልተሰበረም። «ይሄ የወንጂ ጥቁር አፈር ነው» አለች። «የኛ አሸዋማ ነው፤ በጣት ይፈርሳል። ያንን ግዙፍ ነገር የኛ ማሳ ውስጥ ብታስገባው የት ይዞራል? ፓፓያውን ሰብሮ፣ የውኃውን ቦይ ደፍጥጦ ነው። ደግሞ አንተ እስኪ መጀመሪያ ተቀመጥባት። ከዚያ በኋላ እምቢ ብትል ምንም አልልህም።»

ጋሼ ወደ ትንሿ ሄደ። አልጋ ጫፍ ላይ እንደሚቀመጥ ሰው መጀመሪያ ወደ ጎን ተቀመጠባት፤ ከዚያ ግራ እግሩን በሁለት እጁ አንሥቶ አስገባው። ማንም አልደገፈውም። ቀኝ እግሩን ጫን አደረገ። ሄደች። ቆመ። ወደ ኋላ ሄደች። ከዚያ የማሳውን ዳር ይዞ መዞር ጀመረ፤ አንዴ ዞረ፤ ይወርዳል ስንል ደግሞ ዞረ። ሦስተኛውን ሲጀምር አቶ ሰይፉ ሰዓታቸውን አዩ፤ እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ፊቷን ወደ ሸንኮራው ማሳ አዞረች።

ሲመለስ ሞተሩን አጠፋ። «መሪዋ ቀላል ነው» አለ። ገዛናት።

አቶ ሰይፉ በመኪና ጭነን እናድርስልዎ ቢሉት ጋሼ ተቆጣ። «ተጭኜ ልሂድ? እኔ?» ስለዚህ በማግስቱ ጠዋት እማዬ በሚኒባስ ቀደመችን፤ እኔ ከትራክተሯ ጋር በተገዛችው ትንሽ ተሳቢ ላይ ባዶ ጆንያ አንጥፌ ተቀመጥኩና ከአዳማ ወጣን።

የሞጆ መንገድ ያኔም በከባድ መኪና የተጨናነቀ ነበር። ባለፉን ቁጥር ንፋሳቸው ከነጆንያዬ ያወዛውዘኛል። ጋሼ ዳሩን ይዞ በዝግታ ይሄዳል። ሞጆ ስንቃረብ ባርኔጣውን ዝቅ አደረገና ወደ ኋላ ዞሮ ጮክ ብሎ ጠየቀኝ፦

«ሞጆን በሌላ በኩል ማለፍ አይቻልም?»

«መንገዱ አንድ ነው ጋሼ!» አልኩት። ያንን መንገድ ከኔ ይልቅ እሱ ነበር የሚያውቀው። ለምን እንደ ጠየቀኝ የገባኝ የቆዳ ፋብሪካው ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝና ግራና ቀኝ የተደረደሩትን መኪናዎች ሳይ ነው። አሥር ጎማ የነዳ ሰው በትንሽ ትራክተር ጓደኞቹ መካከል ሊያልፍ ነው።

ሾፌሮቹ ምግብ ቤቶቹ ደጃፍ ላይ ጥብስ ከበው ተቀምጠዋል። ልናልፋቸው ስንል አንዱ ብድግ አለ።

«ገመዳ! አካም ጂርታ! ገመዳ ነው እኮ!»

ከድር ነበር። ከጋሼ ጋር ስንት ዓመት ተከታትሎ የነዳ፣ በረሃ ላይ ከአንድ ጀሪካን ውኃ የጠጣ ጓደኛው። ጋሼ ያልሰማ መሰለ። ከድር ሮጦ መንገዱ ላይ ቆመብን፤ መቆም ግድ ሆነ። የተቀሩትም ተነሥተው ከበቡን። አንዱ የትራክተሯን ኮፋኖ መታ መታ አደረገና «ስታድግ ምን ትሆናለች?» አለ። ሁሉም ሳቁ። የጋሼ ጆሮዎች ሲቀሉ ከኋላ ሆኜ አየሁ።

ከድር ግን አልሳቀም። የጋሼን እግር ነበር የሚያየው። «ፍሪሲዮኑን በምን ትረግጠዋለህ?» አለ ቀስ ብሎ።

«ፍሪሲዮን አትፈልግም።»

«እንዴት አትፈልግም?»

«ና ውጣና ሞክራት።»

ከድር ወጣ። ግራ እግሩ የሌለ ፍሪሲዮን ሲፈልግ፣ ቀኙ ፔዳሉን ባንዴ ሲጫነው ትራክተሯ ዘለለች፤ እኔም ከጆንያዬ ጋር ዘለልኩ። ደነገጠና በተረከዙ ሲጫን ደግሞ ወደ ኋላ ሄደችበት። «ተዋት! ተዋት! ማርሽህን የምታሰቃየው አነሰህና!» አለ ጋሼ፤ ይህን ሲል ሳቁ አመለጠው። ሆዱን ይዞ፣ ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር ሳቀ። ያንን ሳቁን ረስቼው ነበር።

ከድር ወርዶ አጠገቡ ቆመ። «ቤትህ በር ላይ ስንት ጊዜ ጥሩምባ ነፍቻለሁ መሰለህ» አለው። «መግባት ፈርቼ ነው። ቁጭ ብለህ እንዳላይህ ፈርቼ።»

ጋሼ መሪውን ሲዳብስ ቆየ። «እኔ ደግሞ የረሳችሁኝ መስሎኝ» አለ።

ጥብስ ሳንበላ አልለቀቁንም። ስንነሳ ከድር አንገቱ ላይ የነበረውን ቀይ ሻርፕ ፈታና ከተሳቢዋ ጀርባ አሰረው። «ትንሽ ስለሆነች ከሩቅ አትታይም» አለ። «ልጅቷን ይዘሃል።»

ከዚያ በኋላ ጋሼ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። ቆቃ ላይ ቆመን የተጠበሰ ዓሣ በዳጣ በላን፤ ያልራበንን ሰዎች ያቆመን የዘይቱ ሽታ ነው። ሐይቁ ላይ ንፋስ ነበር። ከዓለም ጤና በኋላ ጋሼ ጮክ ብሎ በኦሮምኛ መዝፈን ጀመረ፤ በሞተሩ ድምፅ ቃሉ አይሰማም፤ ትከሻው ግን ይታየኝ ነበር። መቂ ስንደርስ እማዬ መንገድ ዳር ቆማ ነበር። «ምነው ዘገያችሁ?» ብቻ አለች፤ ቀድማን ገብታ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችልን።

ትንሿ ትራክተር ሁሉን ቻለች አልልም። እማዬ በኋላ ከታች ያለውን ጥቁር መሬት ስትጨምር ትልቅ ትራክተር መከራየት ግድ ሆነ፤ በተከራየን ቀን ጋሼ ከሾፌሩ ጋር ሲጣላ ይውል ነበር። የቀረውን ግን እሱ ራሱ አረሰው፤ ሽንኩርቱንም እስከ መንገድ እሱ አመላለሰው። ከድርና ሌሎቹ ከዚያ ወዲህ ጥሩምባ ነፍቶ ማለፉን ትተው ይገቡ ጀመር። ጋሼ እስኪያረጅ ድረስ ነዳት፤ ከዚህ ዓለም ሲለይ ያለቀሱት ሾፌሮች ከጎረቤቱ ይበዙ ነበር።

ናትናኤል ይህን ሁሉ ሰምቶ «ስንት የፈረስ ጉልበት ነበራት?» አለኝ። አላውቅም፤ ጠይቄም አላውቅ።

«ይልቅ የሚነዳት ማን ነው?» አልኩት።

ሰናይትን አያት። እሷን ከአሁን በፊት ማንም ያልጠየቃት መሰለኝ፤ ሳህኑን መሰብሰብ ትታ ተቀመጠች። «እኔ ነኝ አብዛኛውን ጊዜ» አለች። «እሱ ሳምንቱን እዚህ ከተማ ሥራ ላይ ነው። ግን ፎቶውን ሳየው መቀመጫው ለኔ ቁመት የሚርቅ ይመስለኛል።»

ቅዳሜ ሦስታችን ሄደን ትራክተሮቹን እናያለን። ሰናይት ሁሉም ላይ ትቀመጣለች፤ እኛ ግቢው ውስጥ ቆመን እንጠብቃታለን። ሰው እንደገና የራሱን መንገድ ሲጀምር ቆሞ የሚያየው ሰው ያስፈልገዋል፤ እኔ አንዴ አይቻለሁና ሥራው እንደማይከብደኝ አውቃለሁ።