ዘሃራ ያልተጠየቀችው

ባለፈው ወር ልጄን አጅቤ ካንሰር ሐኪም ዘንድ ተቀምጬ ነበር። ሐኪሟ እኔን ትታ ልጄን እያየች፣ «መድኃኒቱ የእንቁላል ዕጢሽን ሊጎዳው ይችላል። ከመጀመራችን በፊት እንቁላል አውጥቶ በቅዝቃዜ ማቆየት ይቻላል። ወደፊት መውለድ ትፈልጊያለሽ?» አለቻት። ልጄ፣ «ለማሰብ ስንት ቀን አለኝ?» ብላ ጠየቀች። እኔ መስኮት መስኮቱን አየሁ። ታላቅ እህቴ ዘሃራንም ሐኪም እንዲህ ጠይቋት ነበር። አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ሃያ ዓመቴ ነበር። ሮቤ ውስጥ ለቀበሌው ኪነት ቡድን ግጥም እጽፋለሁ። ማንም ሳያስተምረኝ በሁለት ቋንቋ ቤት መምታት በመቻሌ እኮራ ነበር። ዘሃራ ጎሮ አካባቢ ገጠር ከተዳረች ዓመት ሞልቷታል፤ አማርኛዋ ከገበያ ሰላምታ አያልፍም። ሆዷ ሲነፋ ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ አላት። እርግዝና አልነበረም።

ገብስ የሚታጨድበት ወር ነበር። ከሮቤ ወደ ጎባ ሆስፒታል በጭነት መኪና ስንሄድ ግራና ቀኙ ነዶ ነው። እናቴ የቋጠረችልንን ጩኮ፣ ያን በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት፣ ዘሃራ እየቆረሰች አጎረሰችኝ። እሷ አልቀመሰችም።

ሐኪሙ ኦሮምኛ አይሰማም። «አንዱ የእንቁላል ዕጢዋ ካንሰር አለበት። ሌላው ደህና ይመስላል። እሱን ከተውኩላት ትወልድ ይሆናል፤ በሽታው ግን ሊመለስ ይችላል። ሁለቱንም ካወጣሁ አትወልድም። ምርጫው የሷ ነው፤ ጠይቅልኝ» አለኝ።

ዘሃራን አየኋት። መውለዱን እንደምትመርጥ አወቅኩ። በኦሮምኛ፣ «ክፉውን ሁሉ ያወጣልሻል፤ ትድኛለሽ» አልኳት።

«ያን ሁሉ አውርቶ ይቺን ብቻ ነው ያለው?»

«ሐኪም ወሬ ያበዛል።»

«ካንተም ይብስ?» ብላ ሳቀች። «እሺ በለው፤ ኢንሻአላህ።»

«ሁለቱንም ያውጡት ትላለች» አልኩት።

ያን ጊዜ ምን እንደተሰማኝ አላስታውስም። ግቢው ውስጥ ቆሜ ጉሙ ሲወርድ አየሁ። የተረፈውን ጩኮ በላሁ።

ዳነች። ባሏ ሦስት ዓመት ጠብቆ ሌላ አገባ፤ እሷ እኛ ቤት ገባች። አንድ ቀን ይህችኑ ልጄን ገላዋን እያጠበች፣ «ለኔ አላህ አላለልኝም» አለች። ውሃ ቀድቼ አቀበልኳት። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረች፤ ሳልነግራት ቀበርኳት።

ከሐኪሟ በተመለስን በሦስተኛው ቀን፣ «አባ፣ ወስኛለሁ፤ እንሂድ» አለችኝ ልጄ። ምን እንደወሰነች አልጠየቅኳትም።

ዘሃራን አድኛት ይሆናል። አንዱ ዕጢ ቢቀርላትም ትኖር ይሆን ነበር፤ ይህን የሚያውቅ የለም። እኔ የማውቀው፣ አላህ ላይ የጣለችው ነገር የእኔ ሥራ እንደነበር ነው።