በፈረንሳይኛ ስለተጣላን የመጡ ሽማግሌዎች

ያለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ሽማግሌ ተላከብኝ። ለጋብቻ አይደለም። እናቴ ግን ዝርዝሩን እስክትሰማ ድረስ ደስ ብሏት ነበር...

ነገሩ የጀመረው ከሥራ ነው። ኮምቦልቻ አንድ የዕቃ አስተላላፊ ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ። ከጅቡቲ በፈረንሳይኛ የሚመጣውን ደብዳቤ ፎቶ ኮፒ አደርጋለሁ፤ የሚያነበው ሌላ ሰው ነው። ያ ሌላ ሰው ሊለቅ ነው። ወንበሩ የኔ እንዲሆን ከመካከለኛ ከፍ ያለውን የፈረንሳይኛ ፈተና ማለፍ አለብኝ፤ ፈተናው ደግሞ ወር ቀርቶታል። እዚያ ደረጃ ላይ ስሜንና ዕድሜዬን የሚጠይቀኝ የለም። ወገን ይዤ ስናገር ፈታኙ ይሞግተኛል፣ እኔ አልበገርም። ፈተናው ይኸው ነው።

በምኖርበት ደሴ በፈረንሳይኛ የሚሞግተኝ ያገኘሁት አንድ ሰው ብቻ ነው። ጋሽ ጀማል ይባላሉ፤ አራዳ ሰፈር ጨርቅ ይሸጣሉ፣ ጅቡቲ ሃያ ዓመት ኖረው ነው የተመለሱት። ከዚያ ያመጡት ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ ልብ ወለድ አላቸው። በሳምንት አንድ ምዕራፍ ይሰጡኛል። ለሥራ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ስወርድና ስወጣ ሚኒባስ ውስጥ አነባለሁ፤ ቅዳሜ ሱቃቸው ሄጄ እንከራከርበታለን።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ያሉትን ሁሉ «ልክ ነዎት» እያልኩ ጨረስኩ። መጽሐፉን ዘጉት።

«እንዲህ እየተስማማሽ ትወድቂያለሽ» አሉኝ። «የተስማማ ሰው ምን የሚናገረው አለው? እዚህ ወንበር ላይ እስካለሽ አባትሽ አይደለሁም። ጩኺብኝ።»

ጮህኩ። በአማርኛ ቀና ብዬ የማላያቸውን ሰው በፈረንሳይኛ ጠረጴዛ እየመታሁ ማፋጠጥ ጀመርኩ። ሳልዋሽ... ደስ ይላል።

ሽማግሌዎቹ ከመምጣታቸው በፊት የነበረው ቅዳሜ ምዕራፉ ራሱ የሚያስጮህ ነበር። ሰዓት ሠሪ የሆነ አንድ ሰው ለሚስቱ ከእህቷ የሚላክላትን ደብዳቤ ዐሥር ዓመት ሙሉ መሳቢያ ውስጥ ይደብቅባታል። እህቷ ጋ ሄዳ እንዳትቀር ፈርቶ ነው። ሴትየዋ «እህቴ ረሳችኝ» እያለች ስታለቅስ ከርማ አንድ ቀን መሳቢያውን ትከፍታለች። አንድ ቃል ሳትናገር ሻንጣዋን ይዛ ትወጣለች።

ጋሽ ጀማል «ሳትሰማው መውጣት አልነበረባትም» አሉ። እኔ ከወንበሬ ተነሥቼ ጣቴን አፍንጫቸው ሥር ቀሰርኩና «ዣሜ» አልኩ። በፍጹም ማለት ነው። ሦስት ጊዜ ሳልለው አልቀርም። ጎረቤታቸው ጫማ ሻጩ መሐመድ በር ላይ ቆሞ ያይ ነበር።

በሳምንቱ ስመጣ የሰፈሩን ጠብ የሚያበርዱት ሐጂ ይመርና መምሬ ታደሰ የጨርቅ ጥቅል ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

«ተቀመጭ ልጄ» አሉ ሐጂ ይመር። «ጀማል ምን በደለሽ?»

«ኧረ ምንም አልበደሉኝም።»

«ታዲያ አባትሽ በሚሆን ሰው ላይ ጣት የሚያስቀስር ምንድን ነው?»

ክርክር ነው፣ ትምህርት ነው ብዬ አስረዳሁ። መሐመድ ከበሩ ላይ መሰከረብኝ። «የምትለው በማላውቀው ቋንቋ ነው። ጣቷ ግን በማውቀው ነው።»

መምሬ ታደሰ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ። «ለሰላም ሲባል ይህ ፈረንሳይኛ ይቅር። ሌላ ትምህርት ሞልቷል። ሒሳብ አለ። ሒሳብ ሰው ሲያጣላ አላየሁም።»

ጋሽ ጀማልን አየኋቸው። ሜትራቸውን ይጠቀልላሉ። የሽማግሌ ቃል ረግጦ አራዳ ላይ ጨርቅ መሸጥ እንደማይቻል ሁለታችንም እናውቃለን። እሳቸው ከተዉ ደግሞ እኔ ወደ ፎቶ ኮፒዬ...

«አልተውም» አልኩ። በአማርኛ።

እኔው ራሴ ደነገጥኩ፤ ይህ ድምፅ ያለኝ በፈረንሳይኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

«ሽማግሌ ፊት?» አሉ ሐጂ።

«ሽማግሌ ሳይሰማ አይፈርድም። የተከራከርንበትን ሳትሰሙ ነው ተዉ ያላችሁን።»

ጋሽ ጀማል ፈገግ አሉ። ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም።

«በይ ንገሪን» ተባልኩ። የሰዓት ሠሪውን ቤት ከነመሳቢያው ተረክሁላቸው።

«ያ አገር ሽማግሌ የለውም?» አሉ ሐጂ ይመር ቀድመው። «ዐሥር ዓመት ሙሉ ጎረቤቱ ምን ይሠራ ነበር? ለማንኛውም ወላሂ፣ ሰምታው ነበር መሄድ ያለባት። ወድዶ ነው እኮ የደበቀው።»

«ወድዶ?» አሉ መምሬ። «ዐሥር ዓመት የእህቷን ደብዳቤ ከቀበረ ሰው ምን ይሰማል?»

«ቢሆንም መምሬ...»

«ምንም ቢሆንም የለውም፣ ሐጂ። እርስዎን ሰው ወድዶ እንዲህ ቢያደርግዎ ዝም ይላሉ?» መምሬ ታደሰ ይህን ሲሉ ጣታቸው ሐጂ አፍንጫ ሥር ደርሷል።

መሐመድ ከበሩ ላይ «አሁን ለእነዚህ ማንን ልጥራ?» አለ።

ሁለቱም ጣቱን አዩት። መምሬ ቀስ ብለው ጣታቸውን ጋቢያቸው ውስጥ መለሱት።

ከዚያ ተንሾካሽከው ወሰኑ። መጽሐፉ ሳያልቅ ፍርድ የለም። ትምህርቱ ይቀጥላል፤ በየቅዳሜው የደረስንበትን በአማርኛ እንነግራቸዋለን። እኔ ግን ስለ ጣቴ የጋሽ ጀማልን ጉልበት ስሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ጎንበስ አልኩ። ጉልበታቸው ጋ ስደርስ ጋሽ ጀማል ከላይ በፈረንሳይኛ ቀስ ብለው «ሽማግሌ ሳይሰማ አይፈርድም ያልሽው የኔን ክርክር ነው። ተሸንፈሻል» አሉኝ።

ቀና ሳልል «ዣሜ» አልኳቸው።

«ምን አለች?» አሉ ሐጂ።

«ይቅር በሉኝ ነው የምትለው» ብለው ጋሽ ጀማል ተረጎሙ።

መሐመድ «ይቺን ቃልማ ባለፈውም...» ብሎ ጀምሮ ነበር፤ ማንም አልሰማውም። ሐጂ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉልኝ፣ መምሬ መስቀላቸውን አሳለሙኝ።

ታዝዤ ብዙ ጊዜ ተመርቄያለሁ። ሳልታዘዝ ስመረቅ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።