መናፈሻ ይሆናል የተባለው ቦታ

ረዳት ቀያሽ ሆኜ የተቀጠርኩት በደርግ ዘመን፣ ለናዝሬት ቅርብ በሆነች አንዲት ከተማ ማዘጋጃ ቤት ነው። የከተማዋን ስም አልጠራም፤ የሰዎቹ ልጆች ዛሬም እዚያው ይኖራሉ። የመጀመሪያው ቀን የቴክኒክ ክፍል ኃላፊው አቶ ግርማ መቀየሻ መሣሪያውን፣ ቴዎዶላይቱን፣ ከነሣጥኑ አስረከቡኝና በሩን ዘጉ።

«መለካት ትችላለህ ተብያለሁ» አሉኝ። «እዚህ ግን ዋናው ዝም ማለት ነው።»

ምክር ይሁን ማስፈራሪያ አልገባኝም። ከዚያ በኋላ የሚናገሩትን ሁሉ በጥርጣሬ እሰማ ጀመር።

ሥራውን ወደድኩት። ጧት አቧራው ሳይነሣ መሣሪያውን በሦስት እግሩ አቁሜ ውሃ ልኩን አስተካክላለሁ። ሜትር የሚይዝልኝ ገመዳ የአገሩ ሰው ስለነበር ያለፈውን ሁሉ በኦሮምኛ ሰላም ይላል። ችካል እንደያዝን ሲያዩን ግን ብዙዎቹ ፊታቸውን ያዞሩብናል። ቤት ልናፈርስ የመጣን ይመስላቸዋል።

አንድ ቀን ከገበያው ጀርባ ለሕዝብ መናፈሻ የሚሆን ቦታ እንድንከልል ታዘዝን። ቦታው ላይ የጭቃ ቤቶች ነበሩ። የዳሩ ቤት የወይዘሮ ዘይነባ ነው። ከወሎ መጥተው ልጆቻቸውን እዚያው ያሳደጉ፣ በፊተኛው ክፍል ጨውና ሳሙና የሚቸረችሩ ሴት ናቸው። ፕላኑን ስዘረጋው መስመሩ ቀጥ ብሎ መጥቶ የእሳቸውን ቤት ይቆርጥና የቀበሌው ሊቀመንበር አጥር ጋ ሲደርስ ይታጠፋል።

«ለምን ታጠፈ?» ብዬ አቶ ግርማን ጠየቅኳቸው።

«ድንጋያማ ስለሆነ።»

ሄጄ በአካፋ ሞከርኩት። ለስላሳ አፈር ነው። ገመዳ አየኝና «ተው፣ ሰው ያይሃል» አለኝ። እሱንም ጠረጠርኩት። ለማን ብሎ ነው የሚያስጠነቅቀኝ?

ነዋሪው ለስብሰባ ተጠራ። ሊቀመንበሩ ስለ ንጹሕ አየርና ስለ ሠርቶ አደሩ ዕረፍት ብዙ ተናገረ። ወይዘሮ ዘይነባ ተነሡና ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ችካሉን የተከልከው አንተ ነህ። እውነት መናፈሻ ነው?»

አቶ ግርማ አቀርቅረዋል።

«መናፈሻ ነው ብለውኛል፣ እትዬ» አልኩ። «ግን የውሃ መስመርም የእግረኛ መንገድም ቀይስ አልተባልኩም። ፕላኑ ላይ ያየሁት ሰፊ የጭነት መኪና በር ነው።»

«ለመናፈሻ የጭነት መኪና በር?» አለ አንድ ሾፌር ከኋላ።

ሊቀመንበሩ «ጓዶች፣ ይህ የቴክኒክ ጉዳይ ነው!» ብሎ ጮኸ። የሰማው የለም። ሰው ሁሉ እየተነሣ ይጠይቅ ስለነበር ስብሰባው ያለ ውሳኔ ተበተነ።

ቤቶቹ አልፈረሱም። እኔ ግን ወደ ሌላ ከተማ ተዛወርኩ። ልሰናበት ስሄድ ወይዘሮ ዘይነባ «በል፣ ደጄ ላይ ያቆምከውን ችካል ነቅለህልኝ ሂድ» አሉኝ። ገመዳ ሳልጠራው መጥቶ አብሮኝ ነቀለ። እሱን በመጠርጠሬ አፈርኩ።

አቶ ግርማ እስከ አውቶቡስ ተራ ሸኙኝ። «ነገሩ እንዳይነቃ በሩን ከፕላኑ ላይ አጥፋው ተብዬ ነበር» አሉኝ፤ «ሆን ብዬ ተውኩት።» እውነታቸውን ይሁን ከነገሩ ራሳቸውን ለማውጣት ብለው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ቀያሽ ቦታው ለምን እንደተፈለገ መጠየቅ አለበት። ሲጠየቅም የነገሩትንና ራሱ ያየውን ለይቶ መመለስ አለበት።